ሐመልማልና ያልደረሰው የሰኞ ደብዳቤ

ሶዶ ገበያ ውስጥ ሐመልማልን የማያውቅ ሰው ካለ እንግዳ ነው። ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ማጠፊያ፣ ቀለም ትሸጣለች። እኔ አጠገቧ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ የሚለየን አንድ ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ስለሆነ እሷ ስትቆጣ እኔም የተቆጣሁ ይመስለኛል። አባቷ በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚሁ የቀሩ ነጋዴ ነበሩ፤ ጉልበታቸውንም ምላሳቸውንም አውርሰዋት ነው ያለፉት። ሰካራም ሱቋ ከገባ በክንዱ ይዛ አስፋልት ዳር ታቆመውና “አሁን ወደፈለግህበት ውደቅ” ትለዋለች። እኔ አስካለች አይጥ ሳይ ወንበር ላይ የምወጣ ሴት ነኝ፤ ጎረቤቴ እሷ በመሆኗ ፈጣሪዬን ሳላመሰግን የዋልኩበት ቀን የለም።

ይህች ሴት መፍራት የጀመረችው ልጇ ቤዚ ከታመመች ወዲህ ነው። የስኳር ሕመም ለእኛ የጡረተኛ በሽታ ነበር፤ ልጅ ይይዛል ቢሉን ማን ያምናል? ቤዚ የወተት ጥርሷን ነቅላ ሳትጨርስ ሐኪሙ “ከእንግዲህ ዕድሜ ልኳን በመርፌ ነው” አለ። ከዚያ ወዲህ ሐመልማል ሁለት ሴት ሆነች። ደንበኛ ፊት ያችው የድሮዋ ናት። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ትንሽ ስትዘገይ ግን ፊቷ አመድ ይመስላል፤ የያዘችውን ሚስማር ሚዛን ላይ ጥላው ትወጣለች። መብራት ሲጠፋ ሰው ሻማ ይፈልጋል፤ እሷ ኢንሱሊኑ ሞቀብኝ ብላ ወደ ፍሪጁ ትሮጣለች።

ጋሼ ገብረሥላሴን ያገኘቻቸው በዚህ ፍርሃቷ ነው። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የሚቸኩሉ ሽማግሌ። ታናሽ ወንድማቸው በዚሁ በሽታ በልጅነቱ ስለሞተባቸው ጡረታቸውን ቁጭ ብለው መብላት አልሆነላቸውም። በወላይታ ዞን ውስጥ ስኳር ያለባቸውን ልጆች ወላጆች ፈላልገው አሰባሰቡና በየሰኞው በኢሜይል ደብዳቤ ይልኩላቸው ጀመር። ኢንሱሊን የት ገባ፣ የት አለቀ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ በእርጥብ አሸዋ መሃል እንዴት ይቀመጣል፣ የትኛው መድኃኒት ተበላሽቷል ተባለ፤ ይህንን ነበር የሚጽፉት። በፊት ቴሌግራም ላይ ነበሩ። እዚያ ግን “ርካሽ ኢንሱሊን አለኝ” የሚል አጭበርባሪ ገብቶ ሰው ሊያስጨርስ ሲል ጋሼ በሩን ዘጉና “ከእንግዲህ ከእኔ ብቻ ነው የምትሰሙት” ብለው ወደ ኢሜይል ዞሩ።

ደብዳቤው ይጠቅማል፤ ችግሩ ማለቂያ የለውም። መዝሙረ ዳዊት አለበት፣ ምሳሌ አለበት፣ የነርስነት ትዝታ አለበት፣ የማናውቀው ሰው ለቅሶ አለበት። የኢንሱሊኑ ወሬ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ከታች ነው የሚገኘው። ሐመልማል መጀመሪያ ላይ ጮክ ብላ ታነብልኝ ነበር። ኋላ ለራሷ ማንበብ ጀመረች፤ ከዚያም ሳትከፍተው ማለፍ። ከደብዳቤው ግርጌ “መቀበል ካልፈለጉ እዚህ ይጫኑ” የሚል አለ። አንድ ቀን ጣቷን ወደዚያ ሰደደችና መለሰችው።

“ብጫነው እኮ ይደርሳቸዋል” አለችኝ። “ሐመልማል ወጣች ይላቸዋል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ‘ቤዚ እንዴት ናት?’ ብለው ሲጠይቁኝ በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?”

እውነቷን ነው። እኛ ጠግበን እንኳ “በቃኝ” ስንል ባለቤቱ የሚቀየም ስለሚመስለን “እሺ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ” የምንል ሰዎች ነን። ከሽማግሌ ደብዳቤ መውጣት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ ሐመልማል ሌላ ምልክት አገኘች፤ “አይፈለጌ መልእክት” የሚል። ተጫነችው፤ ደብዳቤው ከዓይኗ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ የመጣውም ራሱን ችሎ ወደዚያው ጓሮ ይወድቅ ጀመር። “እሳቸው አያውቁ፣ እኔም አላፍር” አለችና ሳቅን። እኔማ ብልሃቷን አደነቅሁላት። ይህንኑ ብልሃት በዞኑ ውስጥ ስንቱ ወላጅ ለየብቻው ተደብቆ እንደሠራው የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም።

በጋው ገፋ፤ መብራቱም ይመላለስ ጀመር። ሐመልማል ኢንሱሊን ሊጠፋ ነው ሲባል ከአንድ ፋርማሲ ደርባ የገዛችው ነበራት። የቀድሞው ሲያልቅ ከእሱ አንዱን ብልቃጥ ከፈተች። ብዙም ሳይቆይ ቤዚ ውሃ ማብዛት አመጣች። ትጠጣለች፣ ትወጣለች፣ ተመልሳ ትጠጣለች። ጉንጯ ገባ፤ የዩኒፎርሟ ቀሚስ ከወገቧ ይንሸራተት ጀመር። መለኪያው ስኳሯ መውጣቱን ሲያሳይ እናቷ ሐኪሙን ደውላ ጠይቃ መድኃኒቱን ጨመረችላት። ስኳሩ አልወረደም። በየቀኑ እየተወጋች ስኳሯ ከወጣ ምን ይባላል? ልጅቷ ተደብቃ እየበላች ነው።

“ሸንኮራ በልተሻል!”

“አልበላሁም፣ እማዬ።”

“እንግዲያው ብስኩት ነው!”

“ማርያምን አልበላሁም።”

ሐመልማል ቦርሳዋን ገለበጠችው። የከረሜላ ወረቀት ወደቀ፤ ስኳሯ ድንገት ከወረደ ብላ እሷው ራሷ የከተተችላት ከረሜላ ነበር። ቤዚ “ለጓደኛዬ ሰጠኋት” ስትል በጥፊ አለቻት። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ለማልቀስ የሚሆን አቅምም ያላት አይመስልም ነበር። ልጄ ከረሜላ ትሰርቃለች ብሎ ማመን ከሌላው ሐሳብ ይቀላል።

በማግሥቱ ቤዚ ትምህርት ቤት መሄድ አቃታትና እኔ ሱቅ ውስጥ ጣቃ ላይ ተኛች። እናቷ “ይህንን ቆርቆሮ ላስጭንና ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ” ብላ ከደንበኛ ጋር ስትጨቃጨቅ ጋሼ ገብረሥላሴ ብቅ አሉ። ወደ ሁምቦ ሊሄዱ መናኸሪያ እየወረዱ ነበር።

“ሐመልማል፣ ደህና ነሽ? ያንን ደብዳቤዬን አነበብሽው አይደል?”

የቱን ደብዳቤ? ዓይኗ ሲቅበዘበዝ አየሁ፤ ወዲያው ያ ለእንግዳ የሚዘጋጅ ፈገግታ ፊቷ ላይ መጣ።

“እንዴ፣ ጋሼ! አነበብኩት እንጂ። እግዜር ይስጥልኝ።”

“ተመስገን” አሉ ጋሼ፤ ትንፋሻቸውን ለቀቁት። “መልስ የሚጽፍልኝ ጠፍቶ ፈርቼ ነበር። በስልክ ስጠይቅ ግን ሁሉም አንብበናል ይሉኛል። ብቻ ልጆቹ ይትረፉ እንጂ እኔ ምን ቸገረኝ።” ብለው ቸኩለው ወረዱ።

ሐመልማል እጇ ላይ ያለውን የገንዘብ መልስ እንደያዘች ቀረች። “ይትረፉ?” አለች። “ከምንድን ነው የሚተርፉት?” ስልኳን አወጣችና ያንን ጓሮ ከፈተችው። ባዶ ነበር። እዚያ የሚጣል ደብዳቤ ከአንድ ወር በኋላ ራሱ ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲህ የተላከውም አንድም አልደረሰም። ወደ ላይ ጎተተችው፣ ወደ ታች ጎተተችው።

“አስካል፣ የለም” አለችኝ። “ምን ነበር የጻፉት? ምንም የለም እኮ!” ያች ሰካራም የምታወጣ ሴት ድምፅዋ ሰለለ።

ይህንን እያለች ከሱቄ ውስጥ ቤዚ ስታስመልስ ሰማን። ስንገባ ልጅቷ ደገፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ሮጣ የመጣች ይመስል በረዥሙ፣ በጥልቁ ትተነፍሳለች፤ አፏ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ስሟን ጠራኋት፤ አየችኝ፤ ያወቀችኝ ግን አልመሰለኝም። ሐመልማል “ያዢልኝ” አለችና እግሬ አውጪኝ ብላ ሮጠች። ሱቁም ክፍት፣ ደንበኛውም ቆሞ፣ ቆርቆሮውም መንገድ ላይ ቀረ።

መናኸሪያ የሆነውን ኋላ ነው የነገረችኝ። የሁምቦው ሚኒባስ ሞልቶ ሊነሳ ሲል ደረሰች። ጋሼ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል። በመስኮቱ እጇን አስገብታ ክንዳቸውን ያዘች። የተሳፈረው ሰው ሁሉ ያያታል፤ ግማሹ ደንበኛዋ ነው።

“ጋሼ፣ ዋሽቼዎታለሁ። አላነበብኩም። ደብዳቤዎን አልፈልግም ማለት አፍሬ አይፈለጌ ብዬ ጣልኩት። ምን ነበር የጻፉት? ቤዚ ልትሞትብኝ ነው።”

ጋሼ አልተቆጡም። “ኢንሱሊኑን ከየት ነው የገዛሽው?” ብቻ አሉ። ስትነግራቸው ከተቀመጡበት ብድግ ብለው “ወራጅ አለ!” ሲሉ ረዳቱ በሩን እስኪከፍት መታገሥ አቃታቸው። የዚያ ፋርማሲ ፍሪጅ ተበላሽቶ መድኃኒቱ ብዙ ቀን ሙቀት ላይ ከርሞ ነበር የተሸጠው። ውኃ ነው፤ መልኩ አልተለወጠም እንጂ ኃይሉ ሞቷል። የጋሼ ደብዳቤ “ከዚያ የገዛችሁትን በሙሉ ጣሉ” የሚል ነበር። ቤዚ ያን ሁሉ ጊዜ ስትወጋ የኖረችው ባዶ ነገር ነው።

ባጃጅ ውስጥ ሐመልማል ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ “አልበላሽም ነበር፣ የኔ እናት፤ አልበላሽም ነበር” ትላታለች። እኔ የቤዚን እግር ይዤአለሁ፤ ቀዝቅዞ ነበር። ጋሼ ከሾፌሩ ጎን ተጣበው ሰዉን “ዞር በሉ!” እያሉ ይጮኻሉ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ ልጅቷን አንድ ጊዜ አሸተተቻትና ተጣርታ ሮጠች። ጉሉኮስ ሳይሆን ሌላ ፈሳሽ ሰቀሉላት፣ አዲስ ኢንሱሊን ጀመሩላት፤ እኛን አስወጡን። ሐኪሟ ስትወጣ “እስከ ማታ ብትቆዩ ኖሮ...” አለችና ሳትጨርሰው ሄደች። ያንን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ እኔ እየጨረስኩት እደነግጣለሁ።

ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው አሳዩን። ደብዳቤያቸው ከኢሜይሉ ኩባንያ እየተመለሰ ነበር፤ አጭበርባሪ ነህ ተብለዋል። ብዙ ሰው አይፈለጌ ብሎ ስለመሰከረባቸው ኩባንያው መንገዱን ጭራሽ ዘጋባቸው፤ ለጣለውም ላልጣለውም። ደጋግመው አቤት ብለው ጽፈዋል፤ የመለሰላቸው ማሽን ነው።

“እኔን አይሰሙም” አሉ። “የሚሰሙት ተቀባዩን ነው። እኔ ግን ሰዉ ‘አንብበናል’ ሲለኝ ለሌሎቹ ባይደርስም ለእኛ ሰዎች ደርሷል ብዬ ተቀመጥኩ።”

እንደገና ይደውሉ ጀመር። መጀመሪያ ቢጠና ከተማ ለሚኖር፣ ተድላ ለሚባል ሾፌር አባት ደወሉ። ድምፁን ከፍ ስላደረጉት እንሰማለን።

“ተድላ፣ ደብዳቤዬን አንብበሃል?”

“እንዴ፣ አንብቤአለሁ ጋሼ! እግዜር ያክብርልኝ!”

ሐመልማል ቀና አለች። ያንን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ጠዋት ከራሷ አፍ ነው የወጣው። ስልኩን ከሽማግሌው እጅ ነጠቀችው።

“ተድላ፣ የቤዚ እናት ሐመልማል ነኝ። እኔም አንብቤአለሁ ብዬ ነበር። ውሸቴን ነው፤ አይፈለጌ ብዬ ጥዬው ነው። ይኸው ልጄ ሞትና ሕይወት መሃል ናት። አንተስ?”

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ተድላ ግን ለማውጣት ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

“እኔም... ጋሼ እንዳይከፋቸው ብዬ ነው፣ እትዬ” አለ።

“ኢንሱሊኑ ከየት ነው?”

“ሐዋሳ ነው ያስገዛሁት።”

“ተመስገን። አሁን ስማኝ። ያንን የአይፈለጌ ሳጥን ክፈት። የጋሼ ደብዳቤ ካለ ‘አይፈለጌ አይደለም’ የሚለውን ተጫን። አድራሻቸውን ከዘመዶችህ ጋር መዝግበው። ከዚያ ‘ደረሰኝ’ ብለህ መልስ ጻፍላቸው። ብዙዎቻችን ከመለስን ኩባንያው መንገዱን ይከፍታል። እስከዚያ ሰኞ ደብዳቤ ካላየህ ደውለህ ጠይቅ፤ አትፈር!”

እንዲህ እያለች ለሁሉም ደወለች። ሁሌም መጀመሪያ የራሷን ትናገራለች፤ የራሷን ሳትናገር እውነት የሚነግራት አልነበረም። ሳህሊቱ የምትባል እዚሁ ሶዶ ያለች እናት ከዚያው ፋርማሲ የገዛችው ብልቃጥ ገና ሳይከፈት ፍሪጅ ውስጥ እንዳላት ስትሰማ እየጮኸች አውጥታ ደፋችው። አንዳንዱ አለቀሰ። አንዱ አባት ተሳድቦ ዘጋና መልሶ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ። በየመሃሉ ሐመልማል ተነስታ የክፍሉን በር ትዳብሳለች፣ የሚከፍትላት የለም፣ ተመልሳ ትደውላለች።

መጨረሻ ላይ የቀረችው ቤሌ ከተማ ያለችው ብርነሽ ነበረች። ኔትወርክ እምቢ ሲል፣ ሲቆራረጥ ቆይቶ ያዘ። ሐመልማል እንደለመደችው ኑዛዜዋን ጀመረች።

“እኔ ምንም አልነካም፣ እቴ” አለች ብርነሽ በዚያ በወላይትኛ ቃና። “ሰኞ ሰኞ እጠብቃለሁ። ደብዳቤው ራሱ ቀረ። ጋሼ እኔን ተቀየመ መሰለኝ። ደውዬ ‘ለምን ተውከኝ’ ማለት አፈርኩ፤ ሲጠይቀኝም ደረሰኝ አልኩ።”

“ኢንሱሊኑን ከየት ገዛሽ?”

ነገረቻት። ያው ነው።

“ልጅሽ እንዴት ነው?”

“ህብረት? ደህና ነው። ዛሬ ደከመውና ተኛ። ውሃ ያበዛል እንጂ ደህና ነው።”

ሐመልማል ክው አለች። “ቀስቅሺው” አለች። “ብርነሽ፣ አሁኑኑ ቀስቅሺው፤ ስልኩን አትዝጊ።”

የበር ድምፅ ሰማን። ከዚያ “ህብረት!” የምትል እናት። መልስ የለም። ደግማ ጠራችው፤ ሦስተኛ ስትጠራው ድምፅዋ ወደ ጩኸት ተለወጠ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። እኔ ነጠላዬን ነክሼ ቆሜአለሁ። ቆይቶ፣ ደረቅ የልጅ ድምፅ “ሃታ” አለ። በወላይትኛ ውሃ ማለቱ ነው።

“ስጪው!” አለች ሐመልማል። “ስጪውና አዝለሽው ወደ ጤና ጣቢያው ሩጪ፤ ከዚያው ሶዶ ይላኩሽ። እኔ ስልኩን አልዘጋም።”

ባትሪው እስኪያልቅ አልዘጋችውም። ህብረት ከጤና ጣቢያው በአምቡላንስ መጣ፤ ከቤዚ ብሶበት ስለነበር ለብዙ ሰዓት ማንም ተስፋ ሊሰጠን አልደፈረም። ብርነሽ ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትወዛወዝ ሐመልማል አጠገቧ ተቀመጠች። ቤዚ ዓይኗን ገልጣ “እማዬ” ማለቷን ነርሷ መጥታ ስትነግረን እንኳ ሐመልማል ገብታ አየቻትና ተመልሳ እዚያው ተቀመጠች።

ህብረት መናገር የጀመረ ጊዜ ብርነሽ ተነስታ የሐመልማልን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች። “ልጄን አዳንሽልኝ፣ እቴ” አለች።

ሐመልማል ትከሻዋን ይዛ አቀናቻት። “አታመስግኚኝ። ደብዳቤሽን ያስቀረሁብሽ እኔ ነኝ። እኔና እንደ እኔ ያሉት።”

“ኧረ ምንም አይደል።”

“ምንም አይደል አትበይኝ!” አለች ሐመልማል፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። “በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ፣ ምንም አይደል አትበይኝ።”

ብርነሽ ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ ቀስ እያለ ተለወጠ፤ ያ ሁሉ ጨዋነት ከፊቷ ሲወርድ አየሁ።

“ልጄን ልትገድዪብኝ ነበር” አለቻት።

“አዎ” አለች ሐመልማል።